ሳይበር ፊዚካል ሲስተምስ በዲግሪ መማር ያዋጣል ወይስ ኤሌክትሪካል ልግባ?

የአዳማዋ

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። 12ኛን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ ውጤቴም ጥሩ ነው። ምርጫው ላይ ግን ግራ ገብቶኛል። አንደኛው እዚሁ ሀገር ቤት ኢንጂነሪንግ ገብቶ ኤሌክትሪካል መማር ነው፣ ወይ ደግሞ ቂሊንጦ ያለው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰኝ ኤሌክትሮመካኒካል። ሁለተኛው ህንድ ነው። አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፣ ከፊል ስኮላርሺፕም አለው፣ ቀሪውን ዱባይ ያለው አጎቴ "እኔ እሸፍናለሁ" ብሏል። የትምህርቱ ስም ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ሆኖ ስፔሻላይዜሽኑ ሳይበር ፊዚካል ሲስተምስ ይላል።

ችግሩ እኛ ቤት ይሄ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቴ "ሀከር ልትሆኚ ነው እንዴ?" ትላለች። አባቴ ደግሞ "ማንም የማያውቀው ዲግሪ ይዘሽ መጥተሽ ማን ይቀጥርሻል፣ ኤሌክትሪካል ብትዪ ሁሉም ሰው ይገባዋል" ብሎ ነገሩን ዘግቷል። እኔም ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሹፌር አልባ መኪናና የፋብሪካ ሮቦት ብቻ ነው፣ ቁጭ ብለው ምን እንደሚማሩ የሚናገር ሰው አላገኘሁም።

እና የተማራችሁት ወይም በስራው ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ በርግጥ ምንድነው የሚማሩት? ከኤሌክትሪካል ከኮንትሮል ስትሪም፣ ማሽን መቆጣጠር ከሚማሩበት ዘርፍ፣ በምን ይለያል? ተመልሼ ብመጣ ስራ አለ ወይ? ለመወሰን የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነው፣ በእናታችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

---

ፓነል_ቦርድ

መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያቸው፣ ሀኪንግ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ፊደል ማሳየቱን ትቶ ቫልቭ ሲከፍት፣ ሞተር ሲያዞር፣ ፍሬን ሲይዝ የሚመጣው ትምህርት ነው። ሴንሰር ይለካል፣ ፕሮግራሙ ያሰላል፣ ትዕዛዙ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ የተለወጠውን ነገር ሴንሰሩ እንደገና ይለካል። ይሄ ዙር ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ከተቋረጠ ወይ ምርት ይበላሻል ወይ ሰው ይጎዳል። የዲግሪው ልብ ይሄ ዙር ነው።

እኔ ኤሌክትሪካል ነው የተማርኩት፣ ኮንትሮል ስትሪም፣ አሁን አንድ ፋብሪካ ውስጥ አውቶሜሽን ላይ ነኝ። ሳይበር ፊዚካል የሚል ዲግሪ የያዘ ሰው እዚህ ሀገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ስራው ግን አለ። ጠርሙስ የሚሞላው መስመር፣ የሲሚንቶው ኪልን፣ የስኳር ፋብሪካው ቦይለር በሙሉ ፒኤልሲ በሚባል ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሄደው፣ ስሪቱ ሲመንስም ሆነ ሽናይደር ወይም አለን ብራድሊ፣ ከላይ ደግሞ ኦፕሬተሩ ማሽኖቹን በስክሪን የሚከታተልበት ስካዳ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሀይል ማመንጫ ውስጥም ያው ነው። ህዳሴ ግድብ ላይ ያሉት 13 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው ገቨርነር የሚባል ነገር አላቸው፣ ሀገሩ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ወደ ተርባይኑ የሚገባውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመረና እየቀነሰ ፍሪኩዌንሲውን 50 ኸርዝ አካባቢ እንዲቆይ የሚያደርግ። የኃይል ስራ ይመስላል አይደል? ውስጡ ግን ፕሮግራም ነው።

ወደ አባትሽ ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ "በኤሌክትሪካል፣ በኤሌክትሮመካኒካል ወይም በተመሳሳይ" ነው የሚለው። ማመልከቻ የሚቀበለው ሰው ኢንጂነር አይደለም፣ ስሙን አይቶ ነው የሚለየው። አንቺን የሚያድንሽ ዲግሪው ላይ ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሚለው ቀድሞ መጻፉ ነው፣ እሱን ማንም ያውቀዋል። ከውጭ የመጣ ዲግሪ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በሀገሩ እውቅና ያለው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አረጋግጪ። ይሄን የማያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ ወረቀት ይዞ መንከራተት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፣ እዚህ ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፣ ህንድ ቢቴክ የሚሉት የኢንጂነሪንግ ባችለር 4።

---

ሶፍት_ብቻ

እህቴ ዝም ብለሽ ሶፍትዌር ተማሪ። ላፕቶፕ ካለሽ ቤትሽ ሆነሽ በዶላር ትሰሪያለሽ። ፋብሪካ ገብቶ ቅባት መንካት፣ ሌሊት 9 ሰዓት "መስመሩ ቆሟል ና" መባል ምን አመጣው? ፓነል_ቦርድ ራሱ ይመስክር።

---

ፓነል_ቦርድ

ሌሊቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን በሪሞት የሚሰራውን ሶፍትዌር አሁን ሁሉም ሰው እየሰራው ነው። እኔ ጋ ማሽን ሲቆም ከህንድ ወይም ከጣሊያን ኢንጂነር እስኪመጣ የሚጠብቅ ባለቤት የለም፣ በየሰዓቱ የሚከስረውን እሱ ያውቀዋል። ሰው የሚፈለገው እዚያ ላይ ነው።

---

ቼናይ_ነኝ

ሰላም የአዳማዋ። እኔ ህንድ ነኝ፣ 3ኛ ዓመት፣ ያንቺው ዓይነት ፕሮግራም ላይ። ስለዚህ ብሮሹር ላይ የማይጻፈውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስሙ ከየት መጣ ካልሽ፣ የህንድ መንግሥት በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ለሳይበር ፊዚካል ሲስተምስ ብቻ የሚሆን ብሔራዊ ፕሮግራም አጽድቆ 36.6 ቢሊዮን ሩፒ መድቦለታል፣ በትልልቅ ተቋሞቻቸው ውስጥም 25 ማዕከል ከፍቷል። ስለዚህ ስሙ እዚህ ትኩስ ነው። እንደ ቪአይቲ ቼናይ ያሉት በኮምፒውተር ሳይንስ ስር ስፔሻላይዜሽን አድርገው ይሰጡታል። ከኤሌክትሮኒክስና ከኢንስትሩመንቴሽን በኩል የመጣም አለ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ ስሙ አንድ ስለሆነ እንዳትሸወጂ።

ያንቺ ከኮምፒውተር ሳይንስ በኩል ያለው ነው። እኔም እዚያው ነኝ። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ከሌላው ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንቀመጠው። ፕሮግራሚንግ በሲና በፓይተን፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ዲስክሪት ማትስ። ከዚያ በኋላ ነው ኢምቤድድ ሲስተም (ዕቃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሴንሰር፣ አይኦቲ (ዕቃን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት)፣ ሮቦቲክስ እየተባለ የሚመጣው። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አላማርርም። ግን ኮንትሮል ሲስተም እኛ ግቢ የምርጫ ኮርስ ነው። ተማሪ ካልሞላ አይከፈትም። ባለፈው ሴሚስተር ሳይከፈት ቀረ፣ እና ግማሹ ክፍል ዌብ ዴቨሎፕመንት ወሰደ። አስቢው፣ ሳይበር ፊዚካል የሚል ዲግሪ ላይ ኮንትሮል ሳይማሩ መመረቅ ይቻላል ማለት ነው።

ላቡም እንደዚያው። ዕቃ አለ፣ ግን ለ4 ሰው አንድ ቦርድ ነው፣ አንዱ ይሰራል ሦስቱ ፎቶ ያነሳሉ። የራስሽን ቦርድ ይዘሽ ካልመጣሽ እጅሽ አይፈታም።

ምረቃ አካባቢ ለቅጥር ወደ ግቢ የሚመጡት ድርጅቶችም እኛ ጋ አብዛኞቹ የአይቲ ናቸው፣ ለውጭ ተማሪ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው፣ እሱን ተስፋ አድርገሽ አትምጪ። ስኮላርሺፑን በደንብ አንብቢው፣ ውጤት ከዚህ በታች ከወረደ ይነሳል የሚል መስመር ይኖረዋል። የሆስቴልና የምግብ ክፍያ ከስኮላርሺፑ ውጪ መሆኑንም ለአጎትሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ በ2ኛው ዓመት መሃል ላይ ከመደወል ይሻላል።

---

ሙኒክ_ዝናብ

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ መኪና ውስጥ የሚገባ ሶፍትዌር እፈትሻለሁ። ባችለሬን ሀገር ቤት ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው የጨረስኩት።

ሳይበር ፊዚካል የሚለውን ስያሜ በፈረንጆቹ 2006 አካባቢ ያወጣችው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ውስጥ ትሰራ የነበረች ሄለን ጊል የምትባል ሴት ናት። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። አውሮፕላን፣ የባቡር ሲግናል፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ሁሉም ከዚያ በፊት ነበሩ። አዲሱ ነገር "ይሄን ለብቻው እናስተምረው" የሚለው ሀሳብ ነው፣ እና ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ከተነሳ 6 ደቂቃ ነበር። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 2011 ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። አውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ስራው አፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ ላይ ሲነሳ ጅራቱ ላይ ያለውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ከፊት ከሚመጣው አየር ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፣ ሶፍትዌሩ ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። የዚያን ቀን የግራው ሴንሰር 75 ዲግሪ አካባቢ ሲል የቀኙ 15 አካባቢ ይል ነበር። 75 ዲግሪ ማለት አየሩ አውሮፕላኑን ከሆዱ ስር ነው የሚመታው እንደማለት ነው፣ የማይሆን ነገር። ሶፍትዌሩ ግን አመነው። ገፋ። አብራሪዎቹ መለሱት። እንደገና ገፋ።

አሁን ጥፋቱ የማን ነው? ኮዱን የጻፈው ሰው የተባለውን ነው የጻፈው፣ ኮዱም የተጻፈለትን ነው ያደረገው። ሴንሰር ደግሞ ይበላሻል፣ ሁልጊዜ የሚታወቅ ነገር ነው። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ብትመረምሪው "ይሄ ይሰራል" ትያለሽ። የወደቀው መገጣጠሚያው ላይ ነው፣ ሶፍትዌሩ ሴንሰሩን እንደማይዋሽ ቆጥሮታል፣ ያን ግምት "ቢዋሽስ?" ብሎ እስከ መጨረሻው የተከተለው ሰው አልነበረም፣ ወይም ከነበረ አልተሰማም። በኋላ ሲስተካከል ምን አደረጉ? ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያወዳድር፣ ካልተስማሙ ኤምካስ ስራ እንዳይጀምር፣ ከጀመረም እየደጋገመ እንዳይገፋ አደረጉት።

ጥሩ የሳይበር ፊዚካል ትምህርት የሚባለው ያንን መገጣጠሚያ የሚያስተምር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ፕሮግራሙ ትክክለኛ መልስ ይስጥ እንጂ መቼ ይስጥ የሚለው ብዙም አያስጨንቀውም። ኤርባግ ላይ ግን መልሱ በ30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ካልመጣ ባይመጣ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፊትሽ ቀድሞ መሪው ጋ ደርሷል። መካኒካል የተማረው ደግሞ ሞተሩን እስከ ብሎኑ ያውቀዋል፣ ኔትወርኩ ላይ መልእክት ሲዘገይ ምን እንደሚፈጠር ግን አልተማረም።

ስለዚህ የአዳማዋ፣ እኔ የምልሽ ስሙን ተይው። የኮርሶቹን ዝርዝር አምጪና 4 ነገር ፈልጊበት፣ ግን በግዴታ እንጂ በምርጫ አይደለም። ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ አለ? ኮንትሮል አለ? ሪል ታይም ወይም ኢምቤድድ ሲስተም ከነላቡ አለ? ሲስተሙን በሂሳብ ሞዴል አድርጎ ስህተት እንደማይሰራ ማረጋገጥ የሚያስተምር ነገር፣ ሞዴሊንግ ኤንድ ቬሪፊኬሽን ወይም ፎርማል ሜተድስ ቢሉትም፣ አለ? የመጨረሻው ባችለር ላይ ብዙ ቦታ የለም፣ ካለ ግቢው የምሩን ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ከሌሉ ግን የተለጠፈው ስም ብቻ ነው፣ ውስጡ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። በተቃራኒው ሀገር ቤት ኤሌክትሪካል ገብተሽ ኮንትሮል ወይም ኮምፒውተር ስትሪም ይዘሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ኔትወርክ ራስሽ ብትጨምሪበት፣ ስሙ ባይኖርሽም ነገሩ አለሽ።

ለማስተርስ ካሰብሽ ደግሞ ይሄው ዝርዝር ነው የሚያስገባሽ። እዚህ ሲቀበሉ የዲግሪሽን ርዕስ ብቻ አያዩም፣ ትራንስክሪፕቱን ዘርግተው ሂሳብ ስንት ወሰድሽ፣ ኮንትሮል ስንት ወሰድሽ ብለው ይቆጥራሉ። በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለም፣ ለቪዛው ግን በዝግ አካውንት በዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት አለብሽ። እሱ ለአሁን አያሳስብሽ።

---

የአዳማዋ

ይመቻችሁ በእውነት። የ302 ነገር እንዲህ ተብራርቶ ሰምቼ አላውቅም። አባቴን ጠርቼ አስነብቤዋለሁ፣ ዝም ብሎ አነበበና "ይሄ ሰውዬ የሚያወራውን ያውቃል" አለ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሂሳብ ጥሩ ነኝ ግን ፊዚክስን በወረቀት ብቻ ነው የተማርነው፣ የኛ ትምህርት ቤት ላብ ተቆልፎ ነው የኖረው። ቮልቲሜትር በእጄ ይዤ አላውቅም። ይሄ ይጥለኛል? ሁለተኛ ሀኪንግ አይደለም ብላችኋል፣ ግን ሴኪዩሪቲ የሚባል ነገር ጭራሽ የለበትም ማለት ነው?

---

ጋራዥ_መምህር

ልጄ፣ እኔ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ነገር ለነሱ ልተወውና እኔ ጋ ያለውን ልንገርሽ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ጋራዦቻችን ደግሞ ካርቡሬተርና ፓምፕ የሚያውቁ ናቸው፣ ጥሩ ባለሙያዎች ናቸው፣ ግን ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ባትሪውን ውሰጂ። 320 ቮልት ለማግኘት 3.2 ቮልት የሆኑ 100 ሴሎች በተከታታይ ይያያዛሉ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ቢደክም ሌሎቹ 99 ጤነኛ ቢሆኑም መኪናው በሱ ልክ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱን ሴል የሚለካ፣ ሙቀቱን የሚጠብቅ፣ ሲሞላ ከ3.65 ቮልት እንዳያልፍ የሚያቆም፣ የደከመውን ከሌላው የሚያስተካክል ኮምፒውተር አለ፣ ቢኤምኤስ ይሉታል። እሱ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ጋር፣ ከፍሬኑ ጋር፣ ከዳሽቦርዱ ጋር ካን ባስ በሚባል ሁለት ሽቦ ያወራል። ፍሬን ስትረግጪ ምን ያህሉን ሞተሩ ወደ ባትሪ ይመልስ፣ ምን ያህሉን ሸራው ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ መኪናው ቆሞ ሲመጣ መካኒኩ "ሶፍትዌር ነው" ይላል፣ ሶፍትዌር የሚያውቀው ልጅ ደግሞ "ባትሪው ነው" ይላል፣ ባለቤቱ በመሃል ይንገላታል። የምርመራ መሳሪያው ምናሌ በቻይንኛ ሲሆን ደግሞ አስቢው። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው በጣም እንፈልጋለን። እኔ ተማሪዎቼን የምችለውን አስተምራለሁ፣ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። አንቺ ስለ ስራ ብዙ አትጨነቂ፣ ስራው እየመጣ ነው፣ ይልቅ እጅሽን አፍቺ።

---

ሙኒክ_ዝናብ

ጋሼ በጣም ትክክል ብለዋል፣ እኔም የምፈትሸው እንዲህ ያለውን ነው።

የአዳማዋ፣ ሂሳብ ጥሩ ከሆንሽ ዋናው ከባድ ነገር አልፏል። ሰው የሚወድቅበት አፕላይድ ማትስ ነው፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ላፕላስ፣ ሊኒየር አልጀብራ። ሀገር ቤት እንደተሸመደደ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ ኮንትሮል ሲመጣ ግን ዕዳው ይከፈላል። የአይገን ቫልዩ ነገር ለምሳሌ 2ኛ ዓመት ላይ ፈተና ማለፊያ ይመስላል። ኮንትሮል ላይ ስትደርሺ አንድ ድሮን ተረጋግቶ ይቆማል ወይስ እየተወዛወዘ ይወድቃል የሚለውን የሚነግርሽ እሱ ነው። ፕሮባቢሊቲም አትናቂ፣ ሴንሰር ሁሉ ትንሽ ይዋሻል፣ ካልማን ፊልተር የሚባለው የተለያዩ ውሸታሞችን ሰምቶ ወደ እውነቱ የሚጠጋ ሂሳብ ነው።

ሴኪዩሪቲ አለበት፣ ግን ከባንክ ሲስተም ሴኪዩሪቲ ይለያል። በፈረንጆቹ 2010 የተገኘው ስተክስኔት የሚባለው ቫይረስ ኢራን ናታንዝ ውስጥ ያሉ ዩራኒየም የሚያበለጽጉ ሴንትሪፊውጆችን የሚያሽከረክሩ ሞተሮችን ፍጥነት ነበር የሚያዛባው፣ ይሄን ያደረገው የሲመንስ ፒኤልሲዎችን ተቆጣጥሮ ነው። ኦፕሬተሮቹ ግን ስክሪናቸው ላይ የሚያዩት ቀድሞ የተቀዳ ጤነኛ ንባብ ነበር። ዩክሬን ላይ ደግሞ በታህሳስ 2015፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ጠላፊዎች ሰብስቴሽኖችን ከርቀት ይዘው ብሬከሮቹን አጠፉ፣ 225,000 ያህል ደንበኛ መብራት አጣ። እንግዲህ እዚህ ላይ "ዳታው ተሰረቀ" ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ፓስወርድ መቀየር የሚያውቅ ሰው ብቻውን አይበቃም፣ ያ ሞተር ፍጥነቱ ሲዛባ ምን እንደሚሆን የሚያውቅም ያስፈልጋል። አንድ ወይ ሁለት ኮርስ ታገኛለሽ፣ ከወደድሽው ማስተርስ ላይ ትገፊበታለሽ።

ለማንበብ ከፈለግሽ የበርክሌዮቹ ኤድዋርድ ሊ እና ሳንጂት ሴሺያ በኢምቤድድና ሳይበር ፊዚካል ሲስተምስ ላይ የጻፉት መማሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ ራሳቸው ናቸው የለቀቁት። አሁን ሁሉንም ባትረጂው አይግረምሽ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ አንብቢና "ይሄ ይስበኛል ወይስ ያደክመኛል" በይ። ካደከመሽ ሶፍት_ብቻ ልክ ነው።

---

ፓነል_ቦርድ

ቮልቲሜትር ይዤ አላውቅም ላልሽው፣ መልቲሜትር ግዢ። ርካሹ ይበቃል። ከዚያ አንድ ነገር ስሪ፣ ህንድም ብትሄጂ እዚህም ብትቀሪ ትምህርት እስኪጀመር ጊዜ አለሽ።

የቤታችሁን ሮቶ። ውሃ ሲመጣ ሰው ሮጦ ፓምፕ የሚያበራበት፣ ሲሞላ ጣሪያው ላይ የሚፈስበት ቤት ከሆነ ያንን አውቶማቲክ አድርጊው። አንድ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ አንድ ሪሌይ (በቦርዱ ትዕዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ)፣ አንድ የርቀት ሴንሰር። እዚህ ካጣሽ አጎትሽ በሚመጣ ሰው ይላክልሽ፣ ሁሉም በኪስ የሚገባ ነው። ፓምፑን የሚያበራውን 220 ቮልት ግን ብቻሽን አትንኪ፣ ኤሌክትሪሺያን ያያይዘው፣ ለመለማመጃ በፓምፑ ፈንታ ኤልኢዲ በቂ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ይመስልሻል። ውሃው ከዚህ በታች ከሆነ አብራ፣ ከዚህ በላይ ከሆነ አጥፋ። ከዚያ ውሃው ሲገባ ይናወጣል፣ ንባቡ ከመስመሩ በላይና በታች ይዘላል፣ ሪሌዩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ እንዲህ ከቆየ ይቃጠላል። ስለዚህ ማብሪያውንና ማጥፊያውን ታራርቂያለሽ። ጥሩ። ቀጥሎ ተራው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር የታንከሩ ክዳን ስር ያለው እርጥበት ይይዘውና የማይረባ ቁጥር መስጠት ይጀምራል። ውሃ የማያስገባውን ትገዣለሽ፣ እሱ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር የሚቀርበውን ነገር አያይም፣ ስለዚህ ታንከሩ ሲሞላ በትክክል ማወቅ የሚገባው ቦታ ላይ ነው የሚታወረው። ቦታውን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ከዚያ የመስመር ውሃ ይጠፋል፣ ፓምፑ ደረቁን ይዞራል፣ ይቃጠላል። እሱን እንዴት ታውቂያለሽ? "አብርቼው ይሄን ያህል ደቂቃ ቆይቶ ከፍታው ካልጨመረ አጥፋ" ትያለሽ። ከዚያ መብራት ይሄድና ይመለሳል፣ አርዱይኖው ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ይነሳል፣ ሲነሳ ፓምፑ በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ መጀመር ያለበት?

ሙኒክ_ዝናብ ስለ ሴንሰርና ስለ "ቢዋሽስ" ያወራውን በሙሉ ጣሪያሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ይሄን ሰርተሽ፣ ምን ምን እንደተበላሸ ጽፈሽ ብታሳዪኝ እኔ ኢንተርንሺፕ ላይ ካሉት ተማሪዎች ግማሹ በፊት አስገባሻለሁ።

---

ሶፍት_ብቻ

ሮቶ ለመሙላት 4 ዓመት ህንድ ሃሃሃ

እሺ ግን ስለ መብራቱ ያነሳኸው ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠፍቶ ነው መጀመር ያለበት መሰለኝ?

---

ፓነል_ቦርድ

ጠፍቶ። መጀመሪያ ለካ፣ ንባቡ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ ወስን። ደህና ነህ፣ ትገባለህ አንተም።

---

የአዳማዋ

ለዩኒቨርሲቲው አሁን ኢሜይል ልኬያለሁ። ከነዚያ 4 ነገሮች የትኞቹ ግዴታ እንደሆኑ፣ ላብ ላይ ለስንት ተማሪ ስንት ቦርድ እንዳለ፣ ስኮላርሺፑ በምን ውጤት እንደሚቀጥል ጠይቄያለሁ። ካልመለሱ ወይም ኮንትሮል ምርጫ ነው ካሉ እዚሁ እገባለሁ፣ አባቴም በዚህ ተስማምቷል። ግዴታ ነው ካሉ ግን ህንድ ነኝ። ለሮቶው ሴንሰር ለአጎቴ ጽፌለታለሁ፣ የትኛውን እንደሆነ ስሙን በደንብ ጻፉልኝ እንዳይሳሳት።

ጋሼ ጋራዥ_መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ፓነል_ቦርድ

ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ። ሁለት ይግዛልሽ፣ አንዱን ማቃጠልሽ አይቀርም።

---

ቼናይ_ነኝ

ኢሜይሉ ሲመለስ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ዌብሳይታቸው ላይ ያለውን ሲላበስ ሊንክ ብቻ ልከውልሽ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ሲላበሱ በየባቹ ይቀየራል፣ ላይ የተጫነው የሲኒየሮቹ ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትገቢበት ዓመት የሚማርበትን፣ ከኮርስ ኮዱና ከክሬዲቱ ጋር፣ በፒዲኤፍ ላኩልኝ በያቸው። አንዱ ክሬዲት ላብ መሆኑን የምታውቂውም ከዚያ ነው። ቲዎሪ 3፣ ላብ 0 የሚል ካየሽ ኮርሱ በስላይድ ነው የሚያልቀው።